የጐደለውን ስለ መናገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዚህ ጽሑፍ ባለቤቶች ሁለት ነን። ብዕሩ በአንዳችን እጅ ቢያዝም እያንዳንዱ ቃል በሁለታችን ፊት ተነብቦ ያለፈ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ወላጅ ፈቅዶ፣ የነፍስ አባታችን መርቀውን በእጮኝነት የምንኖር፣ በቺካጎ ከተማ የምንማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ስለ ጋብቻ ዝግጅት ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ መጻሕፍት አገላብጠን ስለ ሥርዓተ ተክሊል ልንጽፍ ጀምረን ነበር። ሁለት ገጽ ከሄድን በኋላ ግን በቅጡ ስለማናውቀው ነገር ብዙ እየተናገርን፣ በደንብ ስለምናውቀው አንድ ነገር ዝም ማለታችን ታየንና ወረቀቱን ቀደድነው። ያ የምናውቀው ነገር የአንዲት ቅዳሜ ውሎ ነው።

ነሐሴ በሀገራችን ክረምት ነው፤ ዝናቡ፣ ጭቃው፣ የቡሄ ጅራፍ ድምፅ። በቺካጎ ግን የበጋው እምብርት ነው። ብርዱ ግማሽ ዓመት ያህል በቤቱ የዘጋበት ሕዝብ ያን ጊዜ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ወደ ሐይቁ ይወጣል። ሐይቁ ሚሺጋን ይባላል። ከጣና ከአሥራ አምስት እጥፍ በላይ ስለሚሰፋ ማዶው አይታይም፤ ውሃው ጨው የሌለው መሆኑን ያልቀመሰ ሰው ባሕር ነው ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። እኛም ጾመ ፍልሰታን ፈትተን በሳምንቱ ቅዳሜ ለሁለታችን የሚበቃ ጥቂት ገንዘብ ይዘን ወደዚያው ወጣን። ቦታው ኔቪ ፒር ይባላል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሐይቁ ውስጥ የገባ የመርከብ ማቆሚያ የነበረ፣ ዛሬ ግን መዝናኛ የሆነ ነው።

«ክርስቲያን እንዲህ ባለ ቦታ ምን ይሠራል?» የሚል ወንድም ይኖር ይሆናል። ይህን ጥያቄ አናቃልለውም፤ ነገር ግን ብዙ አንቆምበትም። ሙዚቃው ይጮሃል፣ የሚሸጠው ብዙ ነው፣ ዓይንም ይባክናል፤ እውነት ነው። ደግሞም እናት ልጇን በጋሪ ስትገፋ፣ ሽማግሌው የሚስቱን ክንድ ይዞ ሲራመድ፣ ልጆች ፈንዲሻ ለወፍ ሲበትኑ የሚታይበት ቦታ ነው። እኛን ያሰናከለን ከቦታው የተገኘ ነገር አልነበረም። ከቤታችን ይዘነው የሄድነው ነው።

ጠዋት ለአውቶቡስ የሚከፈለውን ለማዳን ከባቡር ወርደን የቺካጎን ወንዝ ዳር ይዘን በእግር ሄድን። ዋከር ድራይቭ በሚባለው መንገድ ላይ፣ በወንዙ አጠገብ፣ ጽሑፍ የተቀረጸበት የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ። አንዳችን ቆም ብሎ ሊያነብ ፈለገ፤ ሌላው «ሰልፉ ይረዝምብናል፣ ስንመለስ እናነባለን» አለና አለፍነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «አንዳችን» እያልን ሁልጊዜ በወንድ አንቀጽ መጻፋችን የቋንቋችን ጠባይ ሆኖ ነው እንጂ ጥፋቱን ለወንዱ ወይም ለሴቷ ለመስጠት አይደለም። የማን እንደ ነበረ አንጽፍም። እኛ እናውቀዋለን፣ እግዚአብሔርም ያውቀዋል።)

ኔቪ ፒር የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916 ነው። የአሁኑን ስሙን ያገኘው ደግሞ በ1927፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ላገለገሉ የባሕር ኃይል ሰዎች መታሰቢያ እንዲሆን ነው። በመካከሉ ስልሳ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ አርባ ሁለት የተዘጉ ክፍሎችን ተሸክሞ ቀስ እያለ የሚዞር ትልቅ መንኰራኵር ቆሟል። በ2016 የተተከለ ነው። የዚህ ዓይነት መንኰራኵር አባቱ የተሠራውም በዚህችው ከተማ ነበር፤ ፌሪስ የተባለ መሐንዲስ በ1893 ለተደረገው የዓለም ትርኢት ሰማንያ ሜትር ያህል የሚሆን አቁሞ፣ በሠላሳ ስድስት ክፍሎች በአንድ ጊዜ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው እንዲያነሣ አድርጎት ነበር። እኛም ትኬት ቈርጠን ከሰልፉ ቆምን።

ነገሩ የተነሣው በሰልፉ ላይ ነው። አንዳችን ያነበበውን ለመናገር የሚወድ ስለሆነ ስለ ቦታው ታሪክ ያወራ ጀመር። ከ1946 እስከ 1965 ድረስ በዚህ ማቆሚያ ላይ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ እንደ ነበረ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ሳይቀሩ ውሃው ላይ በተሠሩ ክፍሎች ይማሩ እንደ ነበር ተረከ። እስከዚህ መልካም ነበር። ከዚያ ግን እንደ ልማዱ ቀልድ ጨመረበት፦ «ፈተና የወደቀውን ተማሪ በመስኮት ወደ ሐይቁ ይወረውሩት ነበር ማለት ነው!» አለና ሳቀ። ሌላኛችን አልሳቀም። ፊቱ ተለወጠ።

ክፍሉ ውስጥ ገብተን በሩ ከተዘጋ በኋላ «ምን ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ተጠየቀ። ከእኛ ጋር ሌሎች ሰዎች፣ ሁለት ልጆች የያዙ ባልና ሚስት ተሳፍረዋል። አማርኛ እንደማይሰሙ ስላወቅን በዝግታ ተነጋገርን፤ ከምድር እየራቅን፣ ከተማይቱ በአንድ ወገን ሐይቁ በሌላው ወገን እየሰፋ ሲሄድ ከሁለታችን አንዳችን ተናዘዘ። በሁለት የትምህርት ዓይነት ወድቋል። የነፃ ትምህርት ድጋፉ ተቋርጧል። የመጪው መንፈቀ ዓመት ክፍያ ሊጠየቅ የቀረው ጥቂት ቀን ነው፤ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ደብዳቤው የደረሰው ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ነበር። እንግዲህ ጾሙን ሁሉ አብረን ስናስቀድስ፣ አብረን ውዳሴ ማርያም ስንሰማ፣ አብረን ለጥር ስለ ተቈረጠው ሠርግ የእንግዳ ስም ስንጽፍ፣ ያ ደብዳቤ በኪስ ውስጥ ነበረ።

ሌላው ምን አለ? «አይዞህ» ወይም «አይዞሽ» አለ ብለን ብንጽፍ ደስ ባለን። ነገር ግን ያለው ሌላ ነው። «ለእናቴ ምን እላቸዋለሁ?» አለ። ቀጥሎም ለመጻፍ የምናፍርበትን ቃል ተናገረ። የተናዘዘውም በምላሹ የቈየ ቂሙን አወጣ። መንኰራኵሩ ሲዞር ከላይ ደርሰናል፤ መውረድ ቢፈለግም አይቻልም፣ መውጫም የለም። ተፋጠን ተቀመጥን።

በዚህ መካከል ከእኛ ጋር የተሳፈረችው እናት ፈገግ ብላ «ፎቶግራፍ ላንሣችሁ?» ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችን። ስልኩን ሰጠናት። ተጠጋግተን ተቀመጥን። እጅ ለእጅ ተያያዝን። ሳቅን። ከኋላችን ሰማያዊው ውሃ፣ ነጫጭ ጀልባዎች። ፎቶው እጅግ ያማረ ነበር፤ ስልኩን አመስግነን ተቀበልንና ያዛኑ ዕለት ከክፍሉ ሳንወርድ ለወላጆቻችንና ለዘመዶቻችን ላክነው። ምድር ስንደርስ ምርቃቱ መምጣት ጀምሮ ነበር። «ዓይን አይብላችሁ»፣ «ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ»፣ «እንዲህ ያስቃችሁ»። እያንዳንዱ ምርቃት እንደ ጥፊ ነበር።

ወንድሞችና እኅቶች፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 የተጻፈውን የሐናንያንና የሰጲራን ታሪክ ሁላችንም ተምረነዋል። ሲነገረን ብዙ ጊዜ ስለ ገንዘቡ ነው የሚነገረን፤ መሬታቸውን ሸጠው ከዋጋው ሰርቀው ስላስቀሩት። እኛን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያስደነግጠን ሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች ባልና ሚስት ነበሩ፤ ተስማምተውም ነበር። ብዙ ባልና ሚስት በማይስማማበት ዓለም እነርሱ በአንድ ልብ ሆነዋል፤ አንድ የሆኑት ግን በውሸቱ ነው። እኛም ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ በአንዳች ነገር አንድ ሳንሆን ከርመን፣ አንድ የሆንነው ያች ሴት ስልኩን ወደ እኛ ባነሣችባት ቅጽበት ነው። አንተ ሳቅ፣ አንቺ ሳቂ ሳንባባል፣ ምክክር ሳያስፈልገን፣ እጃችን ራሱ ተፈላልጎ ተያያዘ። ለማስመሰል ይህን ያህል የሠለጠንን መሆናችንን ከዚያ በፊት አናውቅም ነበር።

ከዚያ ወርደን ወደ ማቆሚያው ጫፍ ሄድን። መንገዱን ሁሉ አልተነጋገርንም ለማለት ይቻላል። ፀሐዩ፣ ሙዚቃው፣ አይስክሬም የያዙ ልጆች። ጫፉ ላይ የሽቦ አጥሩን ተደግፈን ውሃውን ስናይ፣ ታሪክ ተራኪያችን ያ ሁሉ ሕንፃ መጀመሪያ የተተከለው ወደ ሐይቁ ወለል በተመቱ በሺህ በሚቈጠሩ የእንጨት ምሶሶዎች ላይ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን አፉን አልከፈተም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ሳይናገር አይቀርም ነበር።

ዝምታውን የሰበረው የደበቀው አልነበረም፤ ሌላው ነው። «እኔ ነኝ ያስደበቅሁት» አለ። ምክንያቱንም ዘረዘረ። ለቤተሰቡ ስልክ በደወለ ቍጥር የሁለታችንን ውጤት ከፍ አድርጎ ይናገር ነበር። ሰው ወደቀ ሲባል ይቀልዳል፤ የሰልፉ ላይ ቀልድ የመጀመሪያው አልነበረም። እንዲህ ካለ ሰው ዘንድ ወድቄአለሁ ብሎ መምጣት ይከብዳል። እኛ ከዚህ የተማርነው ደባቂ ብቻ ሳይሆን አስደባቂም እንዳለ ነው። ብዙ ጊዜ በኑዛዜ የሚቀርበው ደባቂው ነው፤ አስደባቂው ራሱን ተበዳይ አድርጎ ከደጅ ይቀመጣል።

ሰንበት ካለፈ በኋላ ይህን ሁሉ ለነፍስ አባታችን ነገርናቸው። አባታችን ቍጡ ናቸው፤ ስለ ፎቶው ይገሥጹናል ብለን ፈርተን ነበር። እርሳቸው ግን ዝም ብለው ሰምተው፣ «ልጆቼ፣ የእመቤታችንን ጾም አሥራ አምስት ቀን ጾማችሁ። በሠርግ ቤት ያደረገችውን አንዲት ነገር ግን ሳታደርጉ ቀራችሁ» አሉን። መጀመሪያ አልገባንም። ቤታችን ሄደን የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 2 ከፍተን ካነበብን በኋላ ገባን።

በቃና ሠርግ ላይ ወይን ጠጁ ሲያልቅ የድግሱ ባለቤቶች ምን ይሰማቸው እንደ ነበር ሀበሻ ሆኖ የማይገባው የለም። እንግዳ ተቀምጦ ጠላ አለቀ ማለት ምን ማለት ነው? እኛ ብንሆን በር ዘግተን፣ እየሳቅን፣ ያለችውን በውሃ አቅጥነን፣ ጎረቤት ብድር ልከን፣ ጓዳው ባዶ መሆኑ እንዳይታወቅ የምናደርገው ይጠፋናልን? እመቤታችን ግን ጐደለ አለች። ምክንያት አልደረደረችም፣ የማን ጥፋት እንደ ሆነም አላወራችም፣ ደጋሾቹንም አላሳፈረችም። ለልጇ ባጭሩ ነገረችው። የጌታችን ተአምር የጀመረው ባዶው ጋን ባዶ መሆኑ ከተነገረ በኋላ ነው። እነዚያ ጋኖች ሙሉ መስለው ቢቀመጡ ኖሮ ማን ውሃ ይሞላባቸው ነበር?

ይህን ስንል አንድ ነገር እንዲታወቅልን እንወዳለን። ተነጋገርንና ክፍያው ተገኘ ብለን የምንጽፈው ተአምር የለንም። ክፍያው አልተገኘም። አንዳችን አንድ መንፈቀ ዓመት ከትምህርት ወጥቶ የሌሊት ሥራ ይዟል። የጥሩ ሠርግ ወደ ሌላ ጊዜ ተላልፏል፤ የተላኩ ሽማግሌዎችም ምክንያቱን ጠይቀው እውነቱ ተነግሯቸዋል። አንደኛው ሽማግሌ አዝነውብናል፤ እስከ ዛሬም አልተመለሱልንም። ይህም የዋጋው ክፍል ነውና ተቀብለነዋል።

ወደ ቅዳሜዪቱ እንመለስ። ማታ በሐይቁ ላይ ርችት ተተኰሰ። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ሰማይ አንጋጦ ሲያጨበጭብ እኛ ደረጃ ላይ ተቀምጠን በወረቀት ከረጢት ጀርባ ሒሳብ እናሰላ ነበር፤ የቤት ኪራይ ስንት፣ ወደ ሀገር ቤት የሚላከው ስንት፣ የቀረው ስንት። ከእንጨት ዱላ የደረቀ ሒሳብ ነበር። ቢሆንም ከቀኑ ሁሉ ደስ ያለን በዚያች ሰዓት ነው፤ ለምን እንደ ሆነ ያወቅነው ዘግይቶ ነው። የጨረሱት ርችት ጢስ በውሃው ላይ እየሄደ ሳለ ተነሥተን ወደ ወንዙ አመራን።

በጠዋት ያለፍነውን ሰሌዳ አሁን በመንገድ መብራት ቆመን አነበብነው። በዚያ ስፍራ ሐምሌ ወር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 24 ቀን 1915፣ ኢስትላንድ የተባለች መርከብ ከወደቡ ጋር እንደ ታሰረች ተገልብጣለች። የተሳፈሩት ዌስተርን ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ፤ እንደ እኛ የበጋ ቀን ለማሳለፍ ሐይቁን ተሻግረው ሊዝናኑ የወጡ፣ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ በላይ ሰዎች። ውሃው ስድስት ሜትር ያህል ብቻ የጠለቀ ነበር፤ የወደቡ ዳርም ቅርብ ነበር። 844 ሰዎች አለቁ። መርከቢቱ ከላይ የከበደች፣ ከታች የቀለለች ነበረች። ከታይታኒክ አደጋ በኋላ በመጣው ጥንቃቄ የተጨመሩት የሕይወት ማዳኛ ጀልባዎች እንኳ ከላይ ያለውን ሸክም አብዝተውት ነበር።

ስለ እነዚህ ሙታን ለስብከት እንዲመቸን ብለን ክፉ ቃል አንናገርም። ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት ሲናገር ከሌሎች የከፉ ኃጢአተኞች አለመሆናቸውን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 አስተምሯልና። ምስኪኖች ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኛ የደነገጥነው ስለ መርከቢቱ ነው። ገና አልተንቀሳቀሰችም ነበር። ማዕበል አልመታትም። ገመዷ ከምድር ጋር ነበረ። ለደኅንነት ተብሎ የተጫነው ነገር ሳይቀር ተጨምሮባት፣ ከታች ያለው ጉድለት ሳይታይላት ቀረ። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ስልኩን አወጣን።

በቺካጎ ምሽት ሲሆን በአዲስ አበባ ሊነጋ ነው፤ የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። እናታችን (የማንኛችን እናት እንደ ሆኑም ይቅር) እሑድ ለኪዳን ስለሚነሡ ነቅተው እንደሚሆን እናውቃለን። አነሡት። ገና «እንደምን አደራችሁ» ሳንላቸው ስለ ፎቶው ጀመሩ፤ ለጎረቤት ማሳየታቸውን፣ ለማኅበራቸው እናቶችም ዛሬ ሊያሳዩ ማሰባቸውን ነገሩን። እንዲህ ስቃችሁ አይቻችሁ አላውቅም አሉ።

«እማዬ፣ ስንነሣው ተጣልተን ነበር» አልናቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ክፍያው፣ ስለ ጥር ሁሉንም ተራ በተራ ነገርናቸው፤ አንዳችን ሲደክመው ሌላው እየተቀበለ። የወንዙ ውሃ ከሥራችን ይሄዳል፤ ከፒሩ የሚመለሱ ሰዎች በአጠገባችን እየሳቁ ያልፋሉ። እናታችን በመካከል አንድ ጊዜ ብቻ «እህ» አሉ።

በመጨረሻ «አሁን የት ናችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«ወንዝ ዳር ነን።»

«በሉ ከወንዝ ዳር ራቁ፤ ሌሊት ነው» አሉን። ቀጥለውም ነጠላቸውን ሲፈልጉ፣ ወንበር ሲጎትቱ ሰማን። ደወሉ ተደውሎ ኖሮ መቸኮላቸው ነበር። ስልኩን ሳይዘጉት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት መሰለን፤ በሩን ከፍተው ሲወጡ ድረስ አብረናቸው ነበርን።